ኮሜት በማይክሮስኮፕ ሲታደን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የታሪክ ምሩቅ ነኝ። ካሮሊን ሹሜከር የተባሉ አሜሪካዊት ሥነ ፈለክ ሳይማሩ 32 ኮሜቶች (ጅራታም ከዋክብት) አገኙ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው። እንዲያውም ከኮሜቶቹ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶች (ፀሐይን የሚዞሩ ትናንሽ አለቶች) አግኝተዋል። በኮሌጅ የተማሩት ታሪክ፣ ፖለቲካል ሳይንስና ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ፍለጋውን የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ1980፣ ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ ነው። ሆኖም «ሳይማሩ» የሚለው አያስኬድም። ባለቤታቸው ዩጂን ሹሜከር ከሰማይ የሚወድቁ አለቶች የሚፈጥሩትን ጉድጓድ ያጠኑ ስመ ጥር የሥነ ምድር ሊቅ ነበሩ፤ ካሮሊን ሙያውን የለመዱት ከእሳቸው ጋር እየሠሩ ነው። የመጀመሪያ ኮሜታቸውን ያገኙት በ1983 ነው። አንድ ኮሜት ለማግኘት በአማካይ 100 ሰዓት ያህል ሰማይ የተነሣበት ፊልም ላይ ማፍጠጥ ነበረባቸው። እርስዎም ሙያውን ካሰቡ መጀመሪያ ይህን ሰዓት ያስቡ።

ጥያቄ፦ በአንድ ፎቶ ላይ እልፍ ከዋክብት አሉ። አስትሮይዱ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቦታውን በመልቀቁ። ሹሜከሮች በካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ 46 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ሽሚት ቴሌስኮፕ ይሠሩ ነበር። ይህ ቴሌስኮፕ ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን 17 ጊዜ በአንድ መስመር ብትደረደር የምትሸፍነውን ያህል ወርድ ያለው ሰማይ በአንድ ፊልም ይይዝ ነበር። ፊልሙ አስቀድሞ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በተቀላቀሉበት ጋዝ ውስጥ ለሰዓታት ይሞቅ ነበር፤ ያለዚያ ደካማ ብርሃን በደንብ አይቀበልም። ከዚያ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አንዱ የሰማይ ክፍል ለስምንት ደቂቃ ያህል ይነሣ ነበር። ሌሎች ክፍሎች ሲነሡ ቆይተው ከሦስት ሩብ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ያው ቦታ ይደገም ነበር።

ሁለቱ ፊልሞች ለሁለት ዓይን በተሠራ ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ ቀኝ ዓይን አንዱን፣ ግራ ዓይን ሌላውን ያያል። ከዋክብቱ ስላልተንቀሳቀሱ ጠፍጣፋ ሜዳ ይመስላሉ። አስትሮይዱ ግን በሰዓት ውስጥ የጨረቃን ስፋት ሃምሳኛ ያህል ስለሚጓዝ ከሜዳው ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ወይም የሰመጠ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ኮሜት ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ጭጋጋማ ነው። ጥልቀት የሚታየው ነጥቡ ወደ ጎን ሲሸሽ ብቻ ስለሆነ የፊልሙ አቀማመጥ ወሳኝ ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ያለው ጊዜ ካጠረ ልዩነቱ አይታይም፤ ከረዘመ ዓይን ሁለቱን ነጥቦች አንድ ማድረግ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው አቧራ፣ ጭረትና ከደማቅ ኮከብ የተንጸባረቀ ብርሃን ነው።

የተበላሸ ፊልም ሁሉ ግን አይጣልም ነበር። በማርች 1993 ሣጥኑ ተከፍቶ ብርሃን የገባበት ፊልም ነበር። ሰማዩም ደመና ስለነበረበት ደህናውን ላለማባከን ሹሜከሮችና የፍለጋ ባልደረባቸው ዴቪድ ሌቪ ዳሩ በጠቆረው ፊልም አነሡ። ካሮሊን በኋላ ሲመረምሩት ጁፒተር አጠገብ የተጨፈለቀ የሚመስል ኮሜት አዩ። ሹሜከር-ሌቪ 9 ይህ ነው። በጁፒተር ስበት ተሰባብሮ በሰልፍ ይጓዝ ነበር፤ ቁርጥራጮቹ ከጁላይ 16 እስከ 22፣ 1994 ፕላኔቱ ላይ ወደቁ።

ጥያቄ፦ ካገኙት በኋላስ ስሙን ማን ያወጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ የነጥቡ ቦታና ሰዓቱ በትክክል ተለክቶ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል ይላካል። የአንድ ሌሊት ልኬት ምህዋሩን (የሚዞርበትን መንገድ) ለማስላት አይበቃም፤ በሌላ ሌሊት ካልተደገመ ነጥቡ ይጠፋል። ከዚያ ጊዜያዊ መለያ ይሰጠዋል። በዛሬው አሰያየም የሹሜከር-ሌቪ 9 መለያ «1993 ኤፍ 2» ነው፦ ዓመቱ፣ የማርች ሁለተኛ አጋማሽ፣ በዚያ አጋማሽ ሁለተኛው ኮሜት። የእኛ መጋቢት በማርች 10 አካባቢ ስለሚጀምር ቀኑን ሲያሰሉ እንዳይምታታብዎ።

ኮሜት በአግኚዎቹ ስም ይጠራል። አስትሮይድ ግን ምህዋሩ ለዓመታት ተረጋግጦ ቋሚ ቁጥር ሲያገኝ አግኚው ስም ያቀርባል፤ ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ የንግድ ስም አይፈቀድም፣ የፖለቲከኛ ስም የሚፈቀደው ሰውየው ካረፈ 100 ዓመት ሲሞላ ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ቴሌስኮፕ ሳይኖራቸው መሞከር ይችላሉ? (መምህር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ፍለጋ ትብብር የተባለው ፕሮግራም በሃዋይ ያለው የፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ያነሣቸውን ምስሎች ለትምህርት ቤት ቡድኖች በነፃ ይልካል። አስትሮሜትሪካ በተባለው ሶፍትዌር የአንድ ቦታ አራት ምስሎች ተራ በተራ ይገለባበጣሉ። ተማሪዎቹ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ባዩ ቁጥር ምልክት እንዳያደርጉ ያስጠንቅቋቸው፤ ብዙው የካሜራ ጉድለት ነው። በአራቱም ምስሎች በቀጥታ መስመር፣ በእኩል ርቀት ካልተጓዘ ወይም ድምቀቱ ከተለዋወጠ ይተዉት።