12 ስም ብቻ

ሰሞኑን አጂፕ ሰፈር ቡና ይዘን አንድ ልጅ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። «ጋሼ፣ ይቺን ሜተድ እንዴት ላሻሽላት?» ሜተድ ማለት አንድ ሥራ የምትሠራ ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ናት፤ ይቺኛዋ ሁለት ሊስት፣ ማለትም ሁለት የስም ዝርዝር ትቀበላለች። ከአንደኛው ሦስት ሦስት ስም እየወሰደች፣ በየመሃሉ ከሌላኛው አንድ ታስገባለች። ሆዴ ባር ባር አለ። እኔም ጽፌያት ነበራ!

ያኔ እዚሁ ጅማ ለአንድ ጤና ተቋም የወረፋ ፕሮግራም ሠራሁ። ሦስት የከተማ ታካሚ፣ ቀጥሎ አንድ በሪፈር ከገጠር የመጣ። በ9 እና በ3 ስም ሞከርኩት፤ ልክክ አለ። ያቺ ፕሪንተር እየተንጫጫች ወረቀቱን ስትተፋ እንዴት ደስ ይል ነበር! የዛሬዎቹ ድምፅ እንኳ የላቸውም።

አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከከተማ 9 ከገጠር 5 ሰው ተመዘገበ። የእኔ ሉፕ፣ ያው ሥራውን እየደጋገመ የሚዞረው የፕሮግራሙ ክፍል፣ የከተማው ስም ሲያልቅ እሱም አለቀ። ሁለት ሰው ወረቀቱ ላይ የለም። አንደኛው ከአጋሮ የመጡ አባት ነበሩ። ዝናብ መቷቸዋል፣ ሪፈራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ 11 ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሏ ልጅ «አባባ፣ ስምዎ የለም፤ ኮምፒውተሩ ነው» አለቻቸው። እኔ አጠገቧ ፕሪንተር እየጠገንኩ ነበር። «ኮምፒውተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። አንገቴን ደፋሁ። «ካላወቀኝ ምን ይደረጋል» ብለው ወጡ። አጋሮ እኮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታውኑ አስተካከልኩት። ሁለት መስመር ብቻ ነበር የጎደለው፦ ከሁለቱም ሊስት የተረፈውን መጨረሻ ላይ መቀጠል።

የዛሬ ልጆች «ላሳጥራት፣ ላፍጥናት» ትላላችሁ። ለ14 ስም ፍጥነት ምን ይሠራል? ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፍጥነት እወዳለሁ። አንዳንዶቻችሁ የሁለተኛውን ስሞች እዚያው አንደኛው ሊስት መሃል ትሰካላችሁ። አንድ በሰካችሁ ቁጥር ከኋላው ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋል። ስሙ መቶ ሺህ ሲሆን ታዩታላችሁ። ቦታውም ይዛባል፦ ከዜሮ ስንቆጥር የሚሰካው 3፣ 7፣ 11 ላይ ነው እንጂ 3፣ 6፣ 9 ላይ አይደለም። አዲስ ባዶ ሊስት ክፈቱና በተራ ጨምሩበት።

ልጁን ይህን ሁሉ አላልኩትም። «እስቲ 9 እና 5 ስም ስጣት» አልኩት። ጻፈ፣ አስኬደው፣ በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«ጋሼ፣ 2 ሰው ጎደለ።»