20ዋ ሳንቲም የት ትገባለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቡና ገጽ

ባለፈው ስለ ቡና ደረጃ ከጻፍኩ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ስለ ጣዕም አይደሉም፤ ስለ ገንዘብ ናቸው። ደስ ብሎኛል። በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቡና ቀማሽ ሆኜ ስሠራ፣ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ "አበባ አበባ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል" እያለ ሲያደንቅ ይውላል። "ይሄን ያመረተው ሰው ስንት አገኘ?" ብሎ የሚጠይቀው ግን ከስንት አንድ ነበር። እናንተ ጠይቃችኋል፣ እንግዲህ ስለ ፌርትሬድ፣ ለአምራቹ ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያስጠብቀው ማኅተም፣ እንነጋገር።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ትንሽ ካፌ አለን። ፌርትሬድ ማኅተም ያለበትን የይርጋጨፌ ቡና ብቻ ነው የምንገዛው። 12 አውንሷን ከረጢት በ19 ዶላር እንሸጣለን። ደንበኞች "ለገበሬው ይደርሳል?" ሲሉን "አዎ" እንላለን። ግን እውነት ይደርሳል? ሳይሸፋፍኑ ይንገሩን።

መልስ፦ ይደርሳል። "ስንት?" ካላችሁኝ ግን ከረጢቷን መፍታት ሊኖርብን ነው።

12 አውንስ 340 ግራም ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ለዚያች ከረጢት 400 ግራም ገደማ ጥሬ ቡና ገብቷል። በፓውንድ 0.88 መሆኑ ነው። ፌርትሬድ ለታጠበ አረቢካ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ወዲህ፣ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። በላዩ ፕሪሚየም የሚባል፣ ለገበሬዎቹ ማህበር የሚሰጥ 20 ሳንቲም ጭማሪ አለ። ኦርጋኒክ ከሆነ ደግሞ 40 ሳንቲም ይጨመራል። ኦርጋኒኩን ትተን ብናሰላው፣ ከ19 ዶላራችሁ ውስጥ በፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው 1 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው። ፕሪሚየሙ ብቻ ሲነጠል 18 ሳንቲም አይሞላም።

አትደንግጡ። ቀሪው ሁሉ ሌባ ወሰደው ማለት አይደለም። መርከብ አለ፣ አስመጪ አለ፣ ቡናውን የሚቆላው አለ፣ የእናንተም የቤት ኪራይ አለ። ግን ለደንበኛ "አዎ" ስትሉ የምታወሩት ስለዚህች ገንዘብ መሆኑን እወቁት።

ደግሞ ገበያው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 በኒውዮርክ የቡና ገበያ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ገበያው ከዝቅተኛው ዋጋ ሲበልጥ የሚከፈለው የገበያው ዋጋ ነው፣ 20 ሳንቲሟ ሲደመርበት። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ዓመት ማኅተሙ ያመጣው ልዩነት ያቺው 20 ሳንቲም ብቻ ልትሆን ትችላለች። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ 2001ን አያስታውሱም።

ያን ዓመት (አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። የለቃሚ እንኳ አይሸፍንም። ሲዳማ ውስጥም ሐረርጌም ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው፤ ጫት ዓመት ሙሉ ይቆረጣል፣ በእጅ በእጅ ይከፈላል። በዚያው ሰዓት የፌርትሬድ ዋጋ ከነፕሪሚየሙ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። ከእጥፍ በላይ! የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999፣ የሲዳማው በ2001፣ የይርጋጨፌው በ2002 ነው የተቋቋሙት። የተወለዱበት ዓመት ራሱ ብዙ ይናገራል። ማኅተሙ የሚሠራው ዋጋ ሲወድቅ ነው። ዋጋ ደግሞ ወድቆ አያውቅም የሚል የቡና ሰው የለም።

አሁን ወደ ገበሬው እንውረድ። ያ ገንዘብ የሚከፈለው ለዩኒየኑ፣ ማለትም ለገበሬ ማህበራቱ ኅብረት ነው፣ ወደብ ላይ ለደረሰ ጥሬ ቡና። ገበሬው ግን የሚሸጠው እሸት ቡና ነው፣ ቀዩን ፍሬ። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል። ዝቅተኛው ዋጋ ከነፕሪሚየሙ ሲመነዘር ለአንድ ኪሎ እሸት 73 ሳንቲም ይመጣል። ከዚህ ላይ መፈልፈያው፣ ማጠቢያው፣ በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ቆመው የሚለቅሙት ሴቶች ቀን ሥራ፣ የጭነት መኪናው፣ የባንክ ወለዱ ይነሳል።

ፕሪሚየሟ ደግሞ በጥሬው ለገበሬው አትታደልም፤ ቢያንስ እንደ ደንቡ። የማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ ይወስንባታል። ከ20ዋ ቢያንስ 5ቱ ሳንቲም ለጥራትና ለምርታማነት መዋል አለባት። የቀረችው የመማሪያ ክፍል ትሆናለች፣ የውሃ ቧንቧ ትሆናለች፣ ክረምት መንገድ የሚቆርጥ ወንዝ ላይ ድልድይ ትሆናለች። ስለዚህ አንድ ገበሬ "ፌርትሬድ ምን ሰጠህ?" ተብሎ "ምንም" ቢል አልዋሸም። በእጁ አልነካትማ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ማህበሩ ሰርተፊኬት አለው ማለት ቡናው በሙሉ በፌርትሬድ ውል ተሸጠ ማለት አይደለም። ገዢ የተገኘለት ያህሉ ብቻ ነው በዚያ ዋጋ የሚሄደው። የቀረው ያው ቡና፣ ከዚያው አልጋ የተነሳ፣ ያለ ፕሪሚየም በተራ ውል ይሸጣል። የኦዲት ክፍያው ግን አይቀንስም። ኦዲተሩ ፍሎሰርት የሚባለው የጀርመን ድርጅት ነው፤ ቦን ነው መቀመጫው። ስለዚህ እናንተ ማኅተም ያለበትን መግዛታችሁ ከንቱ አይደለም፤ በተራ ውል ሊሄድ ከነበረው ላይ ጥቂት ከረጢት ታነሳላችሁ።

ደንበኛ ሲጠይቃችሁ መልስ እንዲኖራችሁ፣ አስመጪያችሁን በኢሜይል ጠይቁት፦ ቡናው የየትኛው ማህበር ነው፣ ወደብ ላይ በስንት ገዛችሁት፣ አባላቱ ያምናውን ሁለተኛ ክፍያ (ከማህበሩ ትርፍ የሚከፋፈለውን) አግኝተዋል ወይ። ደህና አስመጪ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወዲያው ይመልሳል። ሦስተኛውን የሚመልስ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ጥያቄ፦ ዲላ ነው የምማረው። አባቴ ኮቸሬ ውስጥ የማህበር አባል ነው፣ ማህበሩም ፌርትሬድ አለው ይባላል። ግን በየዓመቱ ከእሸቱ ግማሹን ለግል ነጋዴ ነው የሚሸጠው። "አባዬ፣ ራስህን ነው የምትጎዳው" ስለው ይስቅብኛል። ምን ብዬ ላስረዳው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስረዳው። እሱ ያስረዳህ።

ነሐሴ ላይ ቤታችሁ ምን እንደሚመስል አስታውስ። የአምናው ገንዘብ አልቋል፣ የዘንድሮው ቡና ገና አረንጓዴ ነው፣ መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። ያኔ ብር ይዞ በር የሚያንኳኳው ማነው? ማህበሩ አይደለም። ነጋዴው ነው። ያበድራል፣ በእሸት እንዲመለስለት ይዋዋላል፣ ዋጋውንም እዚያው ይቆርጣል። ጥቅምት ላይ አባትህ ለእሱ የሚያስረክበው ግማሽ፣ ምናልባት ያንተው የምዝገባ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ ማህበሩ እሸት የሚገዛው በብድር ነው። ብድሩ ከዘገየ ለቀማው ይጀመራል፣ ሚዛኑ ይሰቀላል፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው። እሸት ደግሞ አያድርም፤ የዛሬው ቀይ ነገ ሽታው ይለወጣል። በፌርትሬድ ደንብ ገዢው፣ ሻጩ ከጠየቀው፣ ከውሉ እስከ 60 በመቶ ቅድሚያ እንዲከፈል ማድረግ አለበት። ደንቡ ጥሩ ነው። ቁም ነገሩ "ከጠየቀው" የምትለው ላይ ነው። ገዢውን እንዳያጣ የሚፈራ ዩኒየን አፉን ሞልቶ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ሚዛኑ ጋ ያለው ነገር ነው፣ እሱን በዓይንህ አይተኸዋል። ማህበሩ ጋ እሸቱ ሸራ ላይ ይዘረገፋል። አረንጓዴውና ግማሽ የበሰለው በእጅ ተለቅሞ ይወጣል፤ የተመለሰውን በዘንቢል ይዘህ ትሄዳለህ። የቀረው ይመዘናል፣ ለጆንያው ይቀነሳል፣ ካርኒ ይቆረጣል። ነጋዴው ጋ መለቀም የለም። ማታ በባትሪ ብርሃን ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ መዝኖ፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ሚዛኑ ስንት እንደሚበላ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ግን ብሩ በእጅ ነው።

ማህበሩ በዚህ ላይ ያለው ብልጫ ሁለተኛ ክፍያው ነው። በሕጉ ከማህበሩ የተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይያዛል፣ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል፤ ብዙ ያስረከበ ብዙ ያገኛል። ችግሩ መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። ቡናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አዲስ አበባ ተቀሽሮ፣ ተሸጦ፣ ሒሳቡ ኦዲት ተደርጎ እስኪመጣ ብዙ ወራት ያልፋሉ። አንዳንድ ቦታ ዓመትም ያልፋል። ለጠበቀው ሰው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። አንዴ የቀረበት ገበሬ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ግማሹን ለነጋዴ ይሰጣል። አባትህ ሁለቱንም በር ክፍት አድርጎ ነው የሚኖረው። ሞኝነት አይደለም።

አንተ የተማርከው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ከእሱ ጋር ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተገኝ። ከቡናችን በፌርትሬድ ውል የተሸጠው ስንት ኪሎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ፕሪሚየሙ ስንት ገባ፣ በማን ፊርማ ወጣ በሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍም አድርጉ። ሒሳብ በየዓመቱ የሚጠየቅበት ማህበር ሁለተኛ ክፍያ አያስረሳም፤ ይሄን ከቢሮው ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። የሚጠየቀው ማህበር ፋይል ቀድሞ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ፌርትሬድ የሚል የተቆላ ቡና ፈልጌ አጣሁ። ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ ለገበሬያችን ፍትሐዊ ዋጋ የሚከፍለው?

መልስ፦ እንደሱ እንኳን አይደለም፣ እመቤቴ። ማኅተሙ የተሠራው ለውጭ ገዢ ነው። ለኤክስፖርት የሚበቃውን ቡና አገር ውስጥ መሸጥ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ክልክል ነበር፤ ዶላር ያመጣላ። እርስዎና እኔ ስንጠጣ የኖርነው በአብዛኛው ለዚያ ያልበቃውን ነው።

ግን አንድ የሚገርም ነገር ልንገርዎ። አገራችን ካመረተችው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች፣ የአገር ውስጡም ዋጋ ብዙ ጊዜ ከውጭው ይበልጥ ነበር። ላኪዎች ቡናውን በኪሳራ ሸጠው፣ ባገኙት ዶላር መኪናና ብረት አስመጥተው ያካክሱት ነበር። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያ ስሌት ተለውጧል። ስለዚህ ከሰፈርዎ ባለ ሱቅ በውድ የሚገዙት ቡና ገበሬውን የግድ አይጎዳውም። ማን ከማን እንደገዛው ባለ ሱቁን መጠየቅ አይከፋም፤ ብዙዎቹ ግን ከመርካቶ ወዲያ አያውቁትም።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ነን። አጎቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አላቸው። በቀጥታ ከእሳቸው ገዝተን እዚህ ልንከፋፈል እንችላለን? ማኅተምም ምንም ሳያስፈልገን?

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። አጎትዎ ያለ ላኪነት ፈቃድ አንድ ጆንያም በንግድ ሊልኩ አይችሉም። ላኪ ቢያገኙ ደግሞ ቡና የሚጓዘው በኮንቴይነር ነው፤ ባለ 20 ጫማው 320 ጆንያ ይይዛል፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ያን ያህል የምትጠጡ ከሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላችሁም ማለት ነው።

ይልቅ አጎትዎን ይደውሉና የየትኛው ማህበር አባል እንደሆኑ ይጠይቋቸው። የማህበሩን ስም ከያዙ፣ አውሮፓ ውስጥ ያስመጣው ሰው ካለ መፈለግ ይቻላል፤ ከመጋዘን አንድ ጆንያ የሚሸጡ አስመጪዎች አሉ፣ ቆይም ሊቆላላችሁ ይችላል። አባል ካልሆኑ ግን ቡናቸው ከሰብሳቢው እጅ ከወጣ በኋላ ከማን ቡና ጋር እንደተቀላቀለ እሳቸውም አያውቁትም።

ዋናው ሐሳባችሁ አጎትዎን መርዳት ከሆነ ደግሞ የተዋጣውን ገንዘብ ነሐሴ ላይ ይላኩላቸው። ጥር ላይ ከሚላክ እጥፍ ይልቅ ይጠቅማቸዋል፤ ቡናቸውን ገና አረንጓዴ ሳለ ለአበዳሪ አይሸጡትም።