እንጀራው ብቻውን አያድናችሁም፤ ወጡን ተመልከቱ

ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ቁስለት በገጠር ኢትዮጵያ ብዙም አይታይም። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ግን እዚያ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ይይዛቸው ጀመር፤ ዓይነት 1 ስኳርም እንዲሁ። ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱና አኗኗሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሄዱ የህሞንግና የካረን ስደተኞች የአንጀት ባክቴሪያ ዓይነት በወራት ውስጥ መሳሳት እንደሚጀምር አሳይቷል። በ2025 ደግሞ በሰሜን ታንዛኒያ፣ ኪሊማንጃሮ አካባቢ፣ ባህላዊ ምግባቸውን ለ2 ሳምንት ትተው የምዕራባውያንን የበሉ ወጣቶች ደም ውስጥ የብግነት (የሰውነት መከላከያ የመቆጣት) ምልክቶች ጨምረው ተገኝተዋል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ጤፍ ውስጥ ያለውን አሰር (ፋይበር) ሆዳችን አይፈጨውም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ የሚያወጡበት። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች በዋናነት የሚኖሩት በዚህ አሲድ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ያለ ምክንያት እንዳይቆጣ የሚያረጋጉትን ነጭ የደም ሴሎችም ያበዛል። በአይጦች ላይ እንደታየው አሰር ሲጠፋ የተራቡት ባክቴሪያዎች አንጀቱን የሸፈነውን ንፍጥ መብላት ይጀምራሉ፤ ግድግዳው ይጋለጣል።

ውጭ አገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን «እኔ እንጀራ እበላለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የእርሾው ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ይሞታል። በውጭ አገር ሱቅ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ስንዴና ገብስ የበዛበት፣ አንዳንዴም ሳይቦካ በቤኪንግ ፓውደር የተነፋ ነው። ቤት የምትጋግሩ ከሆነ ለ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ግማሽ ኩባያ ያህል እርሾ ጨምሩና 3 ቀን አቡኩት። ቤቱ ከቀዘቀዘ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፤ ምድጃውን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡት። በደንብ ሲቦካ ብረት እንዳይመጠጥ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል።

ዋናው ጉዳይ ግን ወጡ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 15 ግራም ያህል አሰር አለው፤ የቀን ፍላጎታችን ከ25 እስከ 30 ግራም ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ከበላ ሳያስበው ይሞላዋል። ድንች ጥብስና ነጭ ፓስታ «የጾም» ስለሆኑ ብቻ ለአንጀት ብዙም አይጨምሩም።

ለዓመታት ከጥራጥሬ የራቃችሁ በአንድ ጊዜ አትዝለሉበት፤ ሆድ ይነፋል፣ ሰውም ተማሮ ይተወዋል። በቀን ሩብ ኩባያ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ሩብ ጨምሩ፣ ውሃ ጠጡ። ሽምብራና ባቄላን ለ12 ሰዓት ያህል ዘፍዝፉና ውሃውን ድፉት። ሕያው ባክቴሪያ የምትፈልጉ ከሆነ ከቦካ በኋላ እሳት ያልነካው እርጎና ስልጆ ይሻላሉ። በ2021 በወጣ የ10 ሳምንት ሙከራ የባክቴሪያ ዓይነት የጨመረውና የብግነት ፕሮቲኖች የቀነሱት የቦኩ ምግቦችን በበሉት ላይ ነው። እርጎው ከፓስቸራይዝድ ወተት ይሁን፤ በተለይ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ጥሬ ወተትንም ክትፎንም ተዉ። በክሮንስ አንጀቱ የጠበበ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አሰር አይጨምር።

አንድ መጥፎ ልማድ አለን፦ ሆድ በታመመ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ከአገር ቤት የመጣ ፍላጅል መዋጥ። መድኃኒቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል፣ ምርመራውንም ያዘገያል። ተቅማጥ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ካለው፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የአንጀት ብግነትን የሚያሳየውን የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ምርመራ ጠይቁ። ሴሊያክ (በስንዴ የሚቀሰቀስ የአንጀት በሽታ) ከተጠረጠረ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ስንዴ አታቁሙ፤ ውጤቱ በሐሰት ነጻ ይወጣል። ክሮንስ ተብሎ ስቴሮይድ (መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) ሊታዘዝ ሲል ኢትዮጵያ ማደጋችሁን ንገሩና ስትሮንጂሎይደስ ለተባለው ትል የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ትሉ ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና በስቴሮይድ ጊዜ ገዳይ ሆኖ ይስፋፋል። ለክሮንስ የሚሰጠው፣ መከላከያን የሚያዳክመው ፀረ-ቲኤንኤፍ መርፌ ከመጀመሩ በፊትም የተደበቀ ቲቢ መመርመር አለበት።