ሮቦቱ ባለሙያዋን ሊተካ ነው?

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ፊዚዮቴራፒ ሲባል ገና ለቅሶ ይጀምራል። የምንሄድበት ማዕከል አሁን ትንሽ ሮቦት ሊያስገባ ነው አሉን። ባለሙያዋን ሊተኩብን ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም፣ እህቴ! ለምሳሌ ናኦ የሚባለውን ሮቦት ብናይ ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ልጅሽን ደግፎ አያቆምም፣ እግሩንም አያፍታታም። ሥራው ማሳየት፣ ማጫወትና ማበረታታት ነው። እጁን ያነሳና «አንተም እንደኔ አድርግ» ይላል፤ ልጁ ሲሞክር «ጎበዝ!» ይለዋል፣ አሥር ጊዜ ቢደጋገም አይሰለቸው፣ ፊቱም አይጠቁር። ለእናቱ እምቢ ያለውን ለሮቦት እሺ የሚል ልጅ አለ (ትንሽ ያናድዳል፣ ይገባኛል)። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከጀርባ ሆኖ በኮምፒውተር የሚያዘው ሰው ነው። ልጁ ክርኑን ሳይዘረጋ ትከሻውን ብቻ ቢያነሳ አይታ የምታርመው ያችው ባለሙያ ናት።

አንድ ነገር ግን፦ አዲስነቱ ሲያልፍ ልጁ ሊሰለቸው ይችላል፤ ጨዋታውን ይቀያይሩለት እንደሆነ ጠይቂ። ካሜራ ካለው ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥም ሳታፍሪ ጠይቂ። ልጅሽ ከፈራው ደግሞ አታስገድጂው፤ መጀመሪያ እቅፍሽ ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ይየው።