«ቴክ ኦፍ» ምን ማለት ነው? በሥራውስ ልወዳደር?

ውድ ጠያቂያችን፣

በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተመርቀው ኮምቦልቻ ሆነው ሥራ በመፈለግ ላይ ሳሉ፣ ደሴ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ «ቴክ ኦፍ ሺትና የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀት የሚችል ጀማሪ ቢሮ መሐንዲስ» የሚል አንብበው፣ ቃሉ ከቢል ኦፍ ኳንቲቲ በምን እንደሚለይና ቢወዳደሩ ያዋጣዎት እንደሆነ ጠይቀውናል። የአውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው «ቴክ ኦፍ» ሲባል መጀመሪያ በረራ ቢታሰበው አይፈረድበትም፤ በግንባታ ሙያ ግን ቃሉ የሥራውን መጠን ከፕላን ላይ ወይም ከተሠራው ሥራ ላይ እየለኩ ማንሣትን ያመለክታል።

ብዙ ተመራቂዎች ሁለቱን ሰነዶች አንድ አድርገው ያዩአቸዋል። ቢል ኦፍ ኳንቲቲ የሥራውን ዝርዝር፣ ጠቅላላ መጠኑን፣ የነጠላ ዋጋውንና ድምሩን የያዘ ሰነድ ሲሆን፣ ቴክ ኦፍ ሺት ደግሞ ያ ጠቅላላ መጠን ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ማስረጃ ነው። በነጠላ ዋጋ ውል ተቋራጩ የሚከፈለው በሠራው ልክ በመሆኑ፣ የክፍያ ጥያቄው ከቴክ ኦፍ ሺት ጋር ተያይዞ ይቀርባል፤ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም እያንዳንዱን መስመር ከፕላኑና ከሳይቱ ጋር እያመሳከረ ይፈትሻል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ቁመታቸው 3.00፣ ርዝመታቸው 4.00 ሜትር የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ የብሎኬት ግድግዳዎች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዳቸውም 0.90 በ2.10 የሆነ በር አለ። በቴክ ኦፍ ሺቱ የመጀመሪያው ዓምድ የድግግሞሹን ቁጥር 2፣ በሁለተኛው ልኬቶቹን፣ በሦስተኛው ውጤቱን 24.00፣ በመጨረሻው የሥራውን መግለጫ ይጽፋሉ፤ ከሥሩ የበሮቹን 3.78 ተቀናሽ አድርገው 20.22 ካሬ ሜትር ላይ ይደርሳሉ። እኔ ራሴ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ያቀረብኩት የመጀመሪያ ቴክ ኦፍ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ የተመለሰልኝ በሮቹን ሳልቀንስ በመቅረቴ ነበር። ቢምና ኮለን (አግዳሚውና ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) የሚገናኙበትን ኮንክሪት ሁለት ጊዜ መቁጠርም ከዚህ የማይተናነስ የተለመደ ስሕተት ነው። የፌሮ (በኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት) መጠን የሚቀርበው በኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 0.888 ኪሎ እንደሚመዝን፣ ማለትም የዲያሜትሩ ካሬ ለ162 ተካፍሎ እንደሚገኝ፣ ሳይጠየቁ የሚያውቁት ነገር ሊሆን ይገባል።

ማስታወቂያው የወጣው ደሴ ላይ መሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ሜዳማ በሆነው ኮምቦልቻ እንደሚቻለው ቁፋሮን በአንድ ጥልቀት አባዝቶ ማለፍ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ቦታው በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ የየጥጉ ከፍታ ይለካል። ይህ ልኬት መወሰድ ያለበት ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በተቋራጩና በተቆጣጣሪው ፊርማም መጽደቅ አለበት፤ አፈሩ ከተነሣ በኋላ የቀድሞውን መሬት መልሶ የሚለካ የለምና።

በእኔ ግምት ይወዳደሩ። የሳይት ሥራ አያመልጥዎትም፤ የቢሮ መሐንዲስነት ግን ውልን፣ ፕላንንና ገንዘብን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስተምራል፤ እንዲያውም ተመራቂዎች ሳይት ላይ ካልቆሙ ሥራ የጀመሩ የማይመስላቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ኤክሴል ማወቅዎን በማመልከቻዎ ይጥቀሱ እንጂ በእርሱ ብቻ አይመኩ። ከዚያ በፊት የአንድ መኖሪያ ቤት ፕላን ፈልገው የመሠረቱን፣ የግድግዳውንና የልስኑን ቴክ ኦፍ በእጅዎ ይሥሩና ለቃለ መጠይቁ ይዘው ይሂዱ። ፕላኑንም አይርሱት፤ ጠያቂው «ይህ 4.00 ከየት መጣ?» ሲልዎት ጣትዎን የሚያሳርፉበት መስመር ያስፈልግዎታል።