ስለ ቦስኒያው ያፕራክ ጠይቁ፦ እትዬ ጓዳ ትመልሳለች

እትዬ ጓዳ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ነው። ከተማዋ ቦስኒያውያን በብዛት የሰፈሩባት ናት። እሷም ከእነሱ ጋር ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታለች። ዛሬ ጥያቄ ትቀበላለች።

ጀማሪዋ፦ እትዬ፣ ያፕራክ እንዴት ነው የሚሠራው?

እትዬ ጓዳ፦ የተፈጨ ሥጋና ጥቂት ሩዝ በወይን ቅጠል ትጠቀልያለሽ፣ ትቀቅያለሽ። የቱ ጋ እንደተቸገርሽ ካልነገርሽኝ ሌላ ምን ልበልሽ የኔ ልጅ?

ሳሚ፦ ቅጠሉ ይጠነክርብኛል። ምን ላድርግ?

እትዬ ጓዳ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የአገሪቱ ደቡብ፣ ሄርጸጎቪና ውስጥ፣ እነ ሞስታርና ትሬቢንዬ አካባቢ፣ ወይን በየጓሮው አለ። ቅጠሉን የሚቀጥፉት ግንቦት ላይ ገና ለጋ ሳለ ነው። የመዳፍ ስፋት ካለው ይበቃል። ስታጥፈው ኮሽ ካለ አርጅቷልና ተወው። ለጋውን ጨው ባለው የፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነክረህ አውጣ። ጭራውን ቁረጥ። የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ውጭ፣ ጅማት የወጣበት ወደ ውስጥ ይሁን።

አደራ! ወይን ላይ መድኃኒት ይረጫል። ያልተረጨ መሆኑን ካላወቃችሁ አትንኩት። ዝዋይ ወይን አለ ብላችሁ ከእርሻ እንዳትቀጥፉ። በብርጭቆ ዕቃ የታሸገውን ግዙ፤ ጨዋማ ስለሆነ ዘፍዝፋችሁ እጠቡት፣ የሥጋውንም ጨው ቀንሱ።

ቅመሞ፦ በርበሬ ቢገባበትስ? ሚጥሚጣ?

እትዬ ጓዳ፦ አይገባበትም።

ጾመኛው፦ የጾም ይሆናል?

እትዬ ጓዳ፦ ወንድሜ፣ የሥጋ ምግብ ነው። ለፋሲካ ጠብቅ።

የቤይሩቷ፦ ይሄማ የዐረቦቹ የወይን ቅጠል ጥቅልል፣ ወረቅ ዒነብ ነው! ማዳም ቤት ስንት ድስት ጠቅልያለሁ። ሎሚውስ የታል?

ሐሰን፦ የቱርክ ነው እንጂ የዐረብ ማን አለሽ?

ታሪክ ወዳዱ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ ዘንድ የዶልማ፣ ማለት የእንዲህ ያለ ጥቅልል ምግብ፣ አሠራር ባህሏን ያስመዘገበችው አዘርባጃን ናት።

የቤይሩቷ፦ ማስመዝገብ ሌላ፣ መፍጠር ሌላ!

እትዬ ጓዳ፦ እናንተ ልጆች፣ ድስቱ እያረረ ነው። ኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1463 ቦስኒያን ያዙ፤ እስከ 1878 ቆዩ። ምግቡ የገባው በዚያ መንገድ ነው፤ ከዚህ በላይ ክርክር ሌላ ቦታ። ሎሚውን ግን ጥሩ አነሳሽ እህቴ። ቤይሩት ድስቱ ውስጥ ይጨምቃሉ። ቦስኒያ ቤት ጎምዘዝ የሚለው ከላይ የሚፈስበት እርጎ ነው። ሩዙም ትንሽ ነው። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ጥሬውን ታጥቦ። ሩዝ ካበዛሽ የሥጋው ጣዕም ይጠፋል።

ሳሚ፦ ሲበስል ይፈታብኛልስ?

እትዬ ጓዳ፦ አማስለኸዋል፤ ሳልጠይቅህ አወቅሁ። ያፕራክ አይማሰልም! የአመልካች ጣት ውፍረት ያህል ሥጋ ከጭራው በኩል አድርግ፣ ጎንና ጎኑን እጠፍ፣ ጠቅልል። አታጥብቀው፤ ሩዙ ሲያብጥ ቅጠሉን ይቀደዋል። ድስቱ ሥር የተቀዳደዱትን ቅጠሎች አንጥፍ። ጥቅልሎቹን አጠጋግተህ ደርድር፣ መታጠፊያቸው ወደ ታች። ሰሃን ገልብጠህ ጫንበት። ውሃው ሸፈን ያድርገው። እሳቱ ለስለስ ይበል። አንድ ሰዓት ተኩል። ማማሰል የለም።

ቅመሞ፦ በመካከሉ የደረቀ ሥጋ ያደርጋሉ ሲባል ሰማሁ። ቋንጣ ይሆናል?

እትዬ ጓዳ፦ የእነሱ የበሬ ሥጋ በጨው ተይዞ በእንጨት ጭስ የደረቀ ነው። ምግቡን ምግብ የሚያደርገው ያ ጭስ ነው። ቋንጣ በርበሬና ቅመም አለው፤ መረቁን ወጥ ያደርገዋል። ካጣችሁ የበሬ ጎድን ከሥር አድርጉ።

ሐሰን፦ እኔ ጋ ቋንጣ ገብቶበት ግሩም ሆኗል።

እትዬ ጓዳ፦ ደስ ይበልህ። ያፕራክ አትበለው።

ሳሚ፦ የተረፈውስ?

እትዬ ጓዳ፦ በማግስቱ ይበልጥ ይጥማል። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግ፣ በዝግታ አሙቅ፣ አታማስል።

ጀማሪዋ፦ እትዬ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እትዬ ጓዳ፦ ከፍ ብለሽ አንብቢ።