በየማታው እያጠብሁት እግሩ ለምን ቆሰለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? እኔ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነኝ። ዳማ ፈረስ አለኝ፤ የኋላ እግሮቹ ነጫጭ ናቸው። ጨፌ ላይ ሲግጥ ውሎ ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይገባል። ከነጭቃው እንዳያድር ብዬ በየማታው ወንዝ አውርጄ በሳሙና እፈትገዋለሁ። አሁን ከሰኮናው በላይ፣ በስተኋላ በኩል፣ ቅርፊት አበጀ፤ ስነካው ይራገጣል። ጎረቤቴ «የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው» ይለኛል። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ላደርሰው እፈልጋለሁና ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ወንዙን ተው። ጭቃው ብቻውን እንዲህ አላደረገውም፤ አንተም አግዘኸዋል። ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣቶቿ ምን እንደሚመስሉ ታውቃለህ። የፈረስህ ቆዳም ጨፌው ላይ እንደዚያ ሆኖ ይውላል። ማታ ደግሞ መልሰህ ትነክረዋለህ፣ ሳሙናው ወዙን ይወስድበታል፣ ፍትጊያው ይልጠዋል፤ ከዚያ እርጥቡን ለብርድ ትተኸው ትገባለህ። ዴርማቶፊለስ የሚባለው ተህዋስ የሚገባው በእንዲህ ያለ የተላጠ ቆዳ ነው። ነጭ እግር ደግሞ ከሁሉ ቶሎ ይጠቃል።

ከዛሬ ጀምሮ ማታ ጭቃውን አትንካው። ደረቅ ገለባ አንጥፈህ እዚያ ላይ እሰረው። ጠዋት ጭቃው አፈር ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ያን ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ ይዘህ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አራግፈው። ቀጥሎ በእጅህ ዳስሰው። ረጅም ፀጉር ውስጥ ያለ ቅርፊት በዓይን አይታይም፤ ጣት ግን አይስተውም። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በመቀስ አሳጥረው።

ቅርፊቱን በግድ አትንቀለው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ተህዋስ የሚገድል የቁስል ማጠቢያ ግዛ፤ እንደተጻፈው በለብታ ውኃ በጥብጠህ ቅርፊቱን አርስበትና ወደ 10 ደቂቃ ጠብቅ። በራሱ የለቀቀውን አንሳ፤ እንቢ ያለውን ለሌላ ቀን ተወው። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ፣ ሳትፈትግ ጫን ጫን እያደረግህ አድርቀው። ቅባት መቀባት ካማረህ ዚንክ ያለበትን፣ ያውም በደረቅ ቆዳ ላይ ብቻ። እርጥብ ላይ ከቀባህ ተህዋሱን ከርጥበቱ ጋር አሽገህ ማስቀመጥህ ነው። የሞተር ዘይቱን ለጎረቤትህ መልስለት፤ ቁስሉን ያቃጥላል፣ ፈረሱም ይልሰዋል። አንተም ስትጨርስ እጅህን ታጠብ፤ ይህ በሽታ ሰው ላይም ይወጣል።

እስኪድን ድረስ ጨፌው ይቅርበት። ሣር አጭደህ ደጅህ አብላው፤ ስንፍናህ ካልያዘህ ይህ ከመድኃኒቱ ይበልጣል። እግሩን በገመድ የምታስር ከሆነም ፍታው።

እግሩ አብጦ ከጋለ፣ ካነከሰ ወይም መግል ከያዘ ግን ሐኪም ጥራ። እግሩን ይዞ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣና የሚፈነዳ እብጠት ካየህም ያ ሌላ፣ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ሐኪም እስኪያየው ብሩሹንም ኮርቻውንም ለማንም አታውስ።

ለጥር ጊዜ አለህ፤ መሬቱም እስከዚያ ይደርቃል። ብቻ እግሩን ስትዳስስ ከጎኑ ቁም። እኔ በልጅነቴ የአባቴን በቅሎ ከኋላዋ ቆሜ ቅርፊት ስነቅልላት በሐምሌ የመታችኝን እስከ መስቀል አነክስ ነበር።